የአባቴ ኮምፒውተር እንቢ ሲል

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል። ልጡ የሚነከርብኝ እኔ ነኝ። ላሊበላ ባጃጅ ተራው አጠገብ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለኝ። ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ አባቴ ኮምፒውተራቸው ባስቸገራቸው ቁጥር ይደውሉልኛል፤ ሱቄን ዘግቼ አቀበቱን እያለከለክሁ እወጣለሁ። ሠርቼ ስጨርስ «ተባረኪ» ብለው ወደ ጽሑፋቸው ይዞራሉ። ደሴ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ስትደውል ግን ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። «ልጄ ናት፣ የደሴዋ!» እኔስ ከሜዳ የተገኘሁ ነኝ?

ባለፈው የልደት በዓል እህቴ በጋሸና በኩል መጣች። ለአባቴ በፍላሽ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፕሮግራም ይዛላቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው ለሚጠይቋቸው ቃል ሁሉ መልስ ሊያወጡበት ጓጉተዋል። «አንቺው ጫኚልኝ» አሏት፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ። ያንን ኮምፒውተር ከሱቄ ዕቃ የገጣጠምሁላቸው እኮ እኔ ነኝ!

በማግስቱ እሷ ከእናታችን ጋር ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ ፍላሹን አነሣሁ። ቀድሜ እጭነዋለሁ፣ አለቀ። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሁሉ አየሁ፤ ሚሞሪው ይበቃዋል፣ ዲስኩም ቦታ አለው። ጫንሁት። ገና ልከፍተው ስል ተዘጋ። ሁለት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንድ ማሽን ላይ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደግመዋል፣ ፊደሉ ይተራመሳል። አባቴ ማሽን ላይ ከነበሩት ሁለቱ አሮጌውን አጠፋሁና ማሽኑን ዘግቼ እንደገና አስነሣሁት። አሁንም በእንግሊዝኛ የዚህ ቅጂ ፈቃድ አይሠራም ብሎ ድርቅ አለብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እህቴ ስትመለስ «ያመጣሽው ተበላሽቷል» አልኋት። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

እሷ እንደ ቆመች ማያውን አየችና «አባዬ፣ የዚህ ማሽን ቀን ስንተኛው ዓመት ላይ ነው ያለው?» አለች።

«ልክ ነው እንጂ! እኔው ነኝ ያስተካከልሁት። ዓመተ ምሕረት ነው። ታዲያ በማን ዘመን ሊሆን ኖሯል? የፈረንጅ ዓመት እያየሁ ስለ ጌታ ልደት ልጽፍ?» አሉ አባቴ።

ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! ለፕሮግራሙ ፈቃዱ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም። እኔ ያንን ቀን ማያው ጥግ ላይ ሳየው ነው የዋልሁት፤ ልክ መሰለኝ። ልክም ነበር፣ የኛው ቀን ነዋ! እህቴ ወደ ፈረንጁ ቀየረችው፤ መዝገበ ቃላቱም ወዲያው ተከፈተ። አባቴ «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው ግንባሯን ሳሙ። እኔ ሻይ ልጣድ ብዬ ወጣሁ፤ ሻይ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም።

እህቴ ደሴ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ አባቴ ደወሉ። «እንቢ አለኝ፣ ነይልኝ።» ብሄድ ዓመቱ ወደኛው ተመልሷል። «ኧረ አባዬ፣ ይኼን አይንኩት ብለንዎት ነበር! የኛ ቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ አለልዎ» አልሁ። «እሺ፣ እሺ» አሉ። ከዚያ ወዲያም ደወሉ፤ ደግሞም ደወሉ። ግትር ናቸው፣ ስለ ዘመናቸው ከማሽንም ይጣላሉ ብዬ ተውሁት። ብቻ ድሮ «ተባረኪ» ብለው ይዞሩ የነበሩት ሰው አሁን ቆሎ እያቀረቡ የሱቁን ወሬ ይጠይቁኛል።

«አንቺ ታድለሽ» አለችኝ እህቴ አንድ ቀን በስልክ። «ሁልጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። እሳቸው ለኔ ደውለው አያውቁም።» እንደ ከፋት ድምጿ ያስታውቃል። እሷ? በኔ ቀንታ? ጉድ እኮ ነው!

አንድ ከሰዓት ሳልጠራ ወረቀት ላደርስላቸው ሄድሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው መዝገበ ቃላቱን ከፍተው ቃል ይፈልጋሉ፤ ምንም እንቢ ያላቸው ነገር የለም። «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ። ድምፄን ሲሰሙ ደንገጥ አሉና ፕሮግራሙን ዘጉት፤ ወደ ማያው ጥግ ሄደው ዓመቱን ወደ ኋላ መለሱት። እጃቸው ሲፈጥን!

«እሰይ፣ መጣሽልኝ!» አሉ ስገባ። «ይኼ ነገር ደግሞ እንቢ ብሎኝ።»

«እስቲ ልየው አባዬ» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቆሎውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ዓመቱን ማስተካከል አፍታ አይፈጅም፤ እኔ ግን ሚሞሪውንም ዲስኩንም እንደ አዲስ አንድ በአንድ ፈተሽሁ። እሳቸውም አልቸኮሉም።

ለእህቴ አልነገርኋትም፤ አልነግራትምም። ይኼኛው የኔ ነው።