የንግሥቴ ቃጫ

ንግሥቴ የቡሬ ገጠር ሴት ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ ባሏ ሲሞት የቀራት አንዲት ላምና በጓሮዋ ያለው ኮባ ነው። የኮባውን ግንድ ፍቃ ነጩን ቃጫ ታወጣለች፤ አድርቃ፣ አበጥራ፣ ጭኗ ላይ ትገምደዋለች። ገመዷን ሊገዙ ከፍኖተ ሰላም ድረስ ይመጡ ነበር።

በንጉሡ ዘመን፣ አንድ ክረምት፣ ላሟ ምጥ ያዛት። ጥጃው ሆዷ ውስጥ ተጋድሞ አልወጣ አለ።

ጎረቤቷ ባዬ አይቶ፣ «አትተርፍም፤ ሳትሞት እንረዳት» አላት።

«ቢላዋ እንዳታወጣ! ይልቅ ሂድና የከብት ሐኪሙን ጥራልኝ።»

ሐኪሙ፣ ክንዱ የሚባለው፣ ከብት ሊከትብ ቡሬ ሰንብቶ ነበር። በጭቃው በበቅሎ ደረሰ። እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ዳሰሰና፣ «ጥጃው በሕይወት አለ፤ ጎኗን ቀድጄ አወጣዋለሁ» አለ።

«በስመ አብ! በቁሟ?»

«በቁሟ። በመርፌ አደነዝዘዋለሁ።» ቦርሳውን ከፍቶ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ማኅፀኗን የምሰፋበት ክር አለኝ፤ ለቆዳዋ አይበቃም። መንገዱ ተቆርጦ ሌላ አልመጣልኝም።»

ንግሥቴ ቤት ገብታ ከቃጫዋ ቀጭኑን መርጣ አወጣች። «ይኼስ አይሆን፣ ጌታዬ?»

ሐኪሙ አርጥቦ ሳበው፤ ቋጥሮ ሳበው። «ሠርቼበት አላውቅም፣ እትዬ። ግን እንሞክረው። በደንብ ይፍላ።»

ንግሥቴ የላሟን ቀንድ ይዛ ቆመች። ምላጩ ሲያልፍ ላሟ አልተወራጨችም። ከተከፈተው ጎን እንፋሎት ወደ ብርዱ ተነሣ። ውስጡ ቀላ፣ አበራ፤ ከሐኪሙ እጅ በታች በራሱ ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ንግሥቴ ዕድሜዋን ሙሉ ላም አልባለች፤ ይህን ግን ማየት ለሰው የተፈቀደ አይመስላትም ነበር። ሐኪሙ የኋላ እግሮቹን ይዞ ሳበና ጥጃዋን አወጣት። ሴት ናት። አፍንጫዋን ሲጠርግላት አስነጠሰች።

ባዬ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሔዋንም ከአዳም ጎን ስትወጣ እንዲህ ሳትሆን አትቀርም» አለ በሹክሹክታ። ማንም አልሳቀበትም።

ሐኪሙ ማኅፀኑን በራሱ ክር፣ ቆዳውን በቃጫው ሰፋ። ቋጠሮው አልሾለከም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። ስፌቱ በአንድ በኩል መግል ቋጥሮ ስለነበር አጠበው፤ የቀረው ገጥሟል። ቃጫውን እየቆረጠ ሲመዝ አንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ብዙ አየው።

«አልበሰበሰም» አለ። «ለአንድ ላም ሆነ ማለት ለሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ጥቂት ይስጡኝ፤ ልሞክረው።»

አንድ እስር ሰጠችው። የመጣ እንግዳ ሁሉ የላሟን ጠባሳ ሊያይ ይጠይቃት ጀመር፤ እሷም ሳትሰለች ታሳያለች። ማለዳ ግን፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ሳታልብ በፊት ጆሮዋን ጠባሳው ላይ ትለጥፍና ከውስጥ የሚጉረመረመውን ሆድ ታዳምጣለች። ጥጃዋ እስክትጮህባት ድረስ ከዚያ አትነሣም።