በታይፕ የተጻፈው

ትናንት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የታይፕ ድምፅ ስሰማ እግሬ ቀጥ አለ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ኢስት ዮርክ ሰፈር አንድ ጀርመናዊ አዛውንት ትንከባከብ ነበር። የቲያትርና የፊልም ደራሲ ነበሩ። ቸኮሌት ይሰጡኛል፤ ታይፓቸውንም ያስነኩኛል።

አንድ ቀን መጻፋቸውን አቁመው እናቴን፣ "በዚህ ታይፕ ቲያትር ብቻ አልጻፍኩም" አሏት። "ጓደኛዬ እቤቴ መጥቶ የሚያወራውን ሁሉ እየጻፍኩ ለአገሬ መንግሥት እሰጥ ነበር። በመጨረሻ ወሰዱት።"

እናቴ የያዘችውን ሾርባ አስቀመጠችና ጃኬቴን አለበሰችኝ። ሊፍት ውስጥ ቁልፉን ደጋግማ ተጫነችው።

"ጆሮ ጠቢ!" አለች።

እውነት ጆሮ የሚጠባ ሰው መስሎኝ ጆሮዬን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

"ግን እኮ ደግ ናቸው" አልኳት።

"ወንድሜን ያስበላውም ደግ ነበር።"

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቤት አልሄድንም። ወንድሟን ያስበላው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።