የአባቴ የዓይን ጠብታ

አባቴ አንኮበር ውስጥ ቄስ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ ካለው አፋፍ ላይ ያቆሙኝና ቁልቁል የሚታየውን ቆላ በጣታቸው ያሳዩኝ ነበር። «ያ ጭስ የሚወጣበት የእናትሽ ዘመዶች አገር ነው» ይሉኛል። እኔ ጭሱ አይታየኝም፤ እሳቸው ግን ያዩታል። ያንን ዓይናቸውን ነው የምናፍቀው።

ደብረ ብርሃን ክር ፋብሪካ ከተቀጠርኩ በኋላ ታመሙ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነግሮን፣ «ጠብታው ካልተቋረጠ ያያሉ፤ ከተቋረጠ ግን የጠፋው አይመለስም» አለ። ጠብታውን ከሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት በጤና መድናቸው እየወሰድኩ፣ ሥራ ሲይዘኝ በአንኮበር ሚኒባስ ሾፌር እልክላቸው ነበር።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ራሷን ነቀነቀች።

«የለም፣ እህቴ።»

«መድን እኮ አላቸው።»

«መድኑማ አለ፤ ጠብታው ነው የሌለው። ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አስመጪዎቹ ዶላር አላገኙም።»

ዶላር ጠፋ ሲባል ፋብሪካም እሰማ ነበር። መለዋወጫ ጠፍቶ ማሽኖች ቆመዋል፤ እኛንም በየተራ እረፍት ማስወጣት ጀምረዋል። ይህ ነገር እስከ አባቴ ዓይን ድረስ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የከተማውን መድኃኒት ቤቶች አዳረስኩ፤ አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬንም አስቸገርኩ። ያገኘችው አንዲት ብልቃጥ ብዙም ሳትቆይ አለቀች።

በዚያ ክረምት አንኮበር ስሄድ አባቴ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ስለ አዲሱ በጀት ያዳምጣሉ።

«ስለ መድኃኒት ያነሱት ነገር አለ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ጤና ብለዋል። ጠብታ ግን አላሉም» ብለው ሳቁ።

ፊደሉ አልለይ ስላላቸው መቀደስ እንዳቆሙ ያን ዕለት ከጎረቤት ሰማሁ። እንዳልጨነቅ ብለው ደብቀውኝ ነበር።

የዶላር ምንዛሪው ደንብ ከተለወጠ በኋላ ጠብታው ተመልሶ መጣ፤ ግን በግል መድኃኒት ቤት ብቻ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ሆኖ። ፋብሪካውም ሥራ ስለጀመረ ትርፍ ሰዓት እየገባሁ ገዛሁላቸው። ሐኪሙ ድጋሚ ሲያያቸው ቀኝ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ በግራው የቀረችውን ብርሃን ግን ማቆየት ይቻላል አለን። እሳቸው «ተመስገን» አሉ።

ባለፈው የፋሲካ ማግሥት ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ እጄን ይዘው መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ በመስኮት አየኋቸው። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ፈገግ ብለው እጃቸውን ያውለበልባሉ። የሚሰናበቱት ግን ከጎናችን የቆመውን ሌላ መኪና ነበር።

አልጠራኋቸውም። ከዓይኔ እስኪሰወሩ ድረስ እኔም በዚህኛው መስኮት እጄን አውለበለብኩላቸው።