ጽዋ ባዶውን አይወጣም

በምኖርበት የጀርመን ከተማ የእመቤታችን ማኅበር አለን። በወር በወሩ ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ይዞራል፤ ተረኛዋ ትደግሳለች፣ ስንጨርስ ደግሞ ጽዋውን ለቀጣይዋ ታስረክባለች። እኔ ከመግባቴ በፊት የሚሞላው በካርቶን ተገዝቶ በሚመጣ የወይን ጭማቂ ነበር። ወረታ ተወልጄ፣ በእናቴ ማኅበር አድጌ፣ ጽዋ ጭማቂ ተቀድቶበት ሳይ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብሁ። ዝም ያልሁት ተራዬ እስኪደርስ ነው።

ሲደርስ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት ለመሪያችን፣ ደወልሁላት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ደግ፣ ግን ችኩል።

«ጠላ እጠምቃለሁ» አልኋት። «ከሩዝ።»

«ከሩዝ? እኅቴ፣ ማኅበር ነው ወይስ የቻይና ምግብ ቤት?»

«እኛ አገር እንዲህ ነው የሚጠመቀው።»

«ይቅርብሽ። ሴቶቹ ባይጠጡልሽስ? ጽዋ ተሞልቶ ሥዕሏ ፊት ሲቀር ምን ይባላል?»

እሱስ እኔንም አስፈርቶኝ ነበር። ጽዋ ሳይነካ ከሚቀር እኔ ብቀር ይሻለኛል። ግን በክረምት የርብ ወንዝ ሲሞላ የእኛን የፎገራን ሜዳ ያየ ያውቀዋል፤ ባሕር ነው የሚሆነው። ጤፍ ቢዘሩበት ይበሰብሳል። ሩዝ እዚያው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያፈራል። እናቴ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሽማግሎቹ «የዳክዬ ቀለብ» ብለው ስቀውበታል። ኋላ የሳቁትም እንጀራውን በሉት፣ ጠላውን ጠጡት። እንግዲህ እኔን ያሳደገኝን እህል ለማን ብዬ ነው የምደብቀው?

ጌሾና ብቅሉን እኅቴ ከይፋግ ገበያ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ሩዙን ግን እዚሁ ገዛሁ፣ ተሳሳትሁም፤ ሽታ ያለውን ዓይነት ነበር ያነሣሁት። ጠላው ሲደርስ ሳሙና ሳሙና አለኝ። አዝኜ ደፋሁትና እንደገና ጀመርሁ። አሁን ርካሹን ስባሪ ሩዝ አመጣሁ፤ እስኪጠቁር ቆላሁት። የታችኛዋ ጎረቤቴ መስኮቷን በኃይል ዘጋች። ትዝጋ። ጸሎቴን እያደረስሁ ፈጨሁት፣ ከጥንስሱ ደባለቅሁት።

በማርያም ዕለት ሁሉም መጡ። ሙሴያችን ከቦርሳዋ የጭማቂ ካርቶን አውጥታ የጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ አቆመች፤ «ለምናልባት ነው» አለች። ቄሱ አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን አነሡ።

«ከምን ነው ልጄ?»

«ከሩዝ ነው፣ አባ። ባይወዱትም እንግዲህ ጽዋው ይኸው ነው።»

አባ ጠጡ። ጺማቸውን ጠረግ አድርገው ጽዋውን ወደ እኔ መለሱት።

«ድገሚኝ።»

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ተቀባበሉት። አንዷ ፊቷን ቋጠረች፣ አንዷ «ይኼማ ጠላ ነው!» ብላ ጮኸች፣ ሌሎቹ እያወሩ ጨረሱት። ሙሴያችን ብቻ ጭማቂዋን ቀዳች። የሚቀጥለው ወር ተረኛ ደግሞ እሷው ናት።

ሊሄዱ ሲነሡ ጽዋውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ሰጠኋት።

«ባዶውን ስጪኝ እንጂ! በትራም እኮ ነው የምሄደው።»

«ከእኛ ቤት ጽዋ ባዶውን አይወጣም። እናቴ በማሳው ዳር፣ በጭቃ፣ ጠብ ሳታደርግ ነበር የምታመጣው።»

«እናትሽ ትራም አልነበረባት!»

«ጭቃ ግን ነበረባት።»

አባ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት። እሷም ያስታቀፍኋትን ይዛ ወጣች፤ ምን ታድርግ፣ ጽዋ ነው፣ አይመለስም።

በመስኮት ተከተልኋት። እያካፋ ነበር። ፌርማታው ላይ ጽዋውን በሁለት እጇ ከነጠላዋ ሥር ይዛ ቆመች። ትራሙ መጣ፤ ጽዋው ሙሉ ነውና ለመግባት ፈራች፣ ትራሙም ሄደ። ግራ ቀኟን አየች። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ፉት አለች። ቀና ብላ ትንሽ አሰበችና ደገመች።

ለሚመጣው ወር ምን እንደምትቀዳልን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። እኅቴን ግን ጌሾውን በዛ አድርጋ እንድትገዛ ነግሬያታለሁ።