ኅዳር ላይ የደረቀው ኦክ

ትዕዛዙ ከፋግታ ወደ ቆሰበር ከተማ የወረደው የዲከረንስ ዛፉ ሁሉ በበሽታ ከደረቀበት በኋላ ነው። ያን ዛፍ ተክሎ፣ ከሰሉን አዲስ ቅዳም ገበያ እየሸጠ ልጆች ያሳደገ ሰው፣ ማሳው እሳት የለበለበው መስሎ ሲቀር ቆሞ አየ። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት በዘበኝነት ተቀጠረ።

በግቢው መሐል ኦክ የሚባል ትልቅ ዛፍ አለ፤ ድሮ አንድ የውጭ አገር መምህር የተከለው ነው ይባላል። ትዕዛዙ እንዲህ ያለ ዛፍ አይቶ አያውቅም። ቅጠሉ ዳር ዳሩን የተገመጠ ይመስላል፤ ፍሬው ደግሞ ትንሽ ቆብ ደፍቷል። ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይጠለል ነበር።

ኅዳር ላይ ብርቱ አመዳይ ጣለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠዋት ከዘበኛ ቤቱ ሲወጣ ክው አለ። ዛፉ ከጫፍ እስከ ታች ቡናማ ሆኗል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖታል። የኦኩን ዝቅ ያሉ ቅርንጫፎች በመስከረም የመለመለው፣ የታመመውን ዲከረንስ ሲቆርጥበት በኖረው መጥረቢያ ነበር።

"እኔ ነኝ በሽታውን ያመጣሁበት" አለ በልቡ።

ለርዕሰ መምህርቷ ለሜላት ሳይደብቅ ነገራት። እሷም ለከተማው አዲስ ናት። ቀና ብላ አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"ወደ ሌላው ሳይዛመት ይቆረጥ፣ ጋሽ ትዕዛዙ።"

መጥረቢያውን አነሳ። እንጨቱ ድንጋይ ነው። መትቶ መትቶ ልጡ ሲገነጠል፣ ውስጡ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ አገኘው። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ኧረ በሥላሴ! ምን እያደረግህ ነው?" ሲሉ ከአጥሩ ማዶ ጮኹ፣ የሟቹ የቀድሞ ዘበኛ ባለቤት እማማ እንቁ።

"ደርቆ እኮ ነው፣ እማማ። አያዩትም?"

"ምኑ ደረቀ! በየዓመቱ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ መልሶ ያወጣል። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርገው አልነበር?"

ሜላት አፏን በእጇ ያዘች። ትዕዛዙ መጥረቢያውን ጥሎ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠ። በገዛ እጁ ሊገድለው ነበር።

ቁስሉን በጭቃና በእበት መረገው። እማማ እንቁን ማመን ግን አቃተው፤ በጋውን ሁሉ በየጠዋቱ ቅርንጫፉን እየዳሰሰ ከረመ። በመጋቢት መጨረሻ ባዶዎቹ ጫፎች አበጡ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ለጋ ቅጠል ፈንድቶ አየ። ሳይታወቀው ጮኸ። ሜላት ሰው የሞተ መስሏት እየሮጠች ወጣች።

"ምን ሆኑ፣ ጋሽ ትዕዛዙ?"

"ነፍስ ዘራ!" አለ። ጣቱን ወደ ለጋው ቅጠል ቀሰረ።