አጥር የተሻገረው ዱባ

እናቴን ከቋሪት ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም ያመጣኋት ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነው። ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳትርቅ ብሏል፤ ወንድሜ የሚኖርበት ቀዬ ደግሞ ክረምት ሲገባ በቃሬዛ ካልሆነ በሽተኛ የማይወጣበት ነው። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣች። የያዘችው ጋቢዋን፣ ምርኩዟንና በጨርቅ የተቋጠረ የዱባ ዘር ብቻ ነበር። ዘሩን ሳይ ደስ አለኝ። ዘር ይዞ የመጣ ሰው ሊቀመጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ብዙም ሳትቆይ ግን ልሂድ ማለት ጀመረች። እኔ አስተማሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ስጮህ ውዬ ስገባ ቧንቧው ይደርቃል፤ ጀሪካን ይዤ ሰፈሩን እዞራለሁ። ከዚያ እሷን አጥቤ፣ አብልቼ፣ እግሯን አሽቼ ጎኔን ላሳርፍ ስል፣ መቼ ነው የምትሸኚኝ ትለኛለች። ያቺ ጥያቄ ከጀሪካኑ ትከብደኝ ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ እዚህ ምን ጎደለብሽ አልኳት።

«ዘሬን ትከይልኝ» አለች። «ዱባው የያዘ እንደሁ እቀመጣለሁ። ያልያዘ እንደሁ ወንድምሽ ዘንድ ትመልሽኛለሽ።»

እሺ አልኩ። ዱባ ቆሻሻ መጣያ ላይም ይበቅላል፤ እኔ ምን ሊቸግረኝ?

የነበረኝ ባዶ ቦታ ከቤቱ ጀርባ ያለው ጥግ ነው። ቤቱ ሲሠራ ኖራና ሲሚንቶ የተቦካው እዚያ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም ተተክሎበት አያውቅም። ፊት ለፊታችን የምትኖር የግብርና ባለሙያ አፈሩን አስመርምሪው፣ ውጤቱን ሳታዪ ምንም አትጨምሪበት አለችኝ። ውጤቱ መቼ ይደርሳል ስላት ከዝናቡ በኋላ ሳይሆን አይቀርም ብላ ሳቀች። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ትሰማ ነበርና፣ ምን ያመመው አፈር ነው የሚመረመረው ብላ ጠየቀቻት።

በእናቴ አገር የጓሮ ዱባ የሚለማው በአመድ ነው። የምድጃው አመድ ጠዋት ጠዋት ተጠርጎ ጓሮ ይደፋል፤ ቀዩ የደጋ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ ይስማማዋል። ለክቶ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን የማበስለው በኤሌክትሪክ ነው፤ አመድ የለኝም። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ አረቄ ስለምታወጣ አመዷን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ አመላለስኩ። ተማሪዎቼ በመንገድ አይተውኝ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ሲሳሳቁ ዋሉ። ይሳቁ።

ዘሩ በቀለ፤ ቅጠሉ ግን ገና ሳይዘረጋ ቢጫ ሆነ። ባለሙያዋ መጥታ አየችና ኖራ በጠገበ መሬት ላይ አመድ ምን ያደርጋል፣ አመድም ሥራው እንደ ኖራ ነው ብላ ራሷን ነቀነቀች። አሁን ምን ላድርግ ስላት የመጀመሪያውን ምክሯን ደገመችልኝ። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥበት ልብ አልነበረኝም። ወንድሜ ለበቆሎው ከገዛው ዩሪያ የተረፈውን ላከልኝ፤ እናቴ ለበቆሎ እንደሚደረገው ቆንጠር እያደረግሽ በየሥሩ ጨምሪ አለችኝ። ጨመርኩ። ያለው አልበቃ ሲለኝ ደገምኩት።

ከዚያ በኋላ እንደወጣው ያለ ቅጠል አይቼ አላውቅም። ጥጉን ሞልቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። አበባውም ፈነዳ፤ ግን እየረገፈ አለቀ እንጂ አንድ ፍሬ አልያዘም። ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በጤዛ እየራስኩ ቅጠል ስገልጥ እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ታየኛለች።

ነሐሴ እየተገባደደ ሳለ አረቄ የምታወጣው ጎረቤቴ ጠራችኝ። አንዱ ሐረግ በአጥሩ አናት ተሻግሮ ማንም ምንም ያልጨመረበት ሣር ውስጥ ገብቷል። ጫፉ ላይ ቡጢ የምታህል አረንጓዴ ዱባ ተቀምጣለች። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። እናቴ ትቀመጣለች ብዬ አለቀስኩ።

ደግፌ በጎረቤቴ በር አስገባኋት። እኛ ልጆች ሳለን ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም ነበር፤ ጣት ካረፈበት ይበሰብሳል ይባላል። እናቴ ለዚህ ምሕረት አልነበራትም፤ ስንቴ እጃችንን መትታናለች። ማሳየት ካስፈለገ ቡጢ ጨብጦ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቡጢዬን ጨብጬ፣ ይቻት እማ፣ ይዛለች አልኳት።

እናቴ ምርኩዟን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ከዚያ የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ቀጥ አድርጋ ዱባዋ ላይ ቀሰረች።

«ይቺ ናት?» አለች።

«እማ፣ ጣትሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። ጣቷን ግን አላጠፈችም። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ የሚለማመጥ ሰው ፊት ነበር።

የዚያን ሁሉ ቀን ድካም ያን ጊዜ ነው የተሰማኝ። የአመዱ፣ የዩሪያው፣ የጤዛው። እጇን ይዤ ጣቷን ራሴ አጠፍኩላትና ወደ ቤት ገባን። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ መንገዱ ደረቅ ሲል መጥቶ ወሰዳት። ስትሄድ ሳመችኝ፣ መረቀችኝ፤ ስለ ዱባው ግን አንዳችንም አላነሳንም።

ዱባዋ አልበሰበሰችም። ጥቅምት ላይ ጎረቤቴ ቆርጣ፣ የእማማ ናት ብላ በሁለት እጇ ታቅፋ አመጣችልኝ። ተቀብዬ በረንዳው ላይ፣ እናቴ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ አስቀመጥኳት።