ብሎኑ ሲላላ

የልጅ ልጄ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ፔሮቭስካይት የሚባል፣ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ቢጫ ቅንጣት በሁለት አልማዞች መሃል አድርጋ በብሎን ትጨምቃለች። ሲጨመቅ ይጠቁራል፤ ብርሃንም አብልጦ ይስባል። ሲለቀቅ ተመልሶ ቢጫ ከሆነ ግን ከንቱ ነው፤ ጣራ ላይ ማን ሲጨምቀው ይኖራል?

ዘንድሮ ካልተሳካ ቤተ ሙከራው ይዘጋል። እሷ ግን ጥቁሩን እያየች ብሎኑን ሳትነካ ከረመች።

«እማማ፣ ብሎኑን ካልነካሁት ገና አልከሸፈም» አለችኝ።

«እንግዲያው አንቺንም አጥብቄ ልቀፍሽ፣ ፊትሽ ገርጥቷል» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ዛሬ ይዛኝ ሄዳ አላላችው። በአጉሊ መነጽሩ ሳይ ጥቁሩ ከዳር እየሸሸ ሁለመናው ቢጫ ሆነ።

«አየሽው አይደል?» አለች።

«ዓይኔ ደካማ ነው» አልኳት።

መብራቱን አጥፍታ ቁልፉን ለጥበቃው ሰጠችው።